የደጋ ልብስ

እሑድ፣ ጥር 4 ቀን 1978

ፀሐዩ ጥሩ ነው። ሳጥኑን ከፈትኩ። የሀብተጊዮርጊስን ካፖርት በብሩሽ ጠርጌ ገመድ ላይ ሰቀልኩ፣ የሱፍ ሹራቦቹን ሰሌን ላይ ዘረጋሁ። ሹራብ ከተሰቀለ ተንዘላዝሎ ይቀራል። በየዓመቱ ይሄው ነው። አርባ ምንጭ ላይ ሱፍ የሚለብስ ማን አለ?

ጎረቤቴ ወርቂቱ በአጥሩ በኩል አየችኝ። ከጸሎት መመለሷ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ ነው የሚጸልዩት። "ዘንድሮም የደጋ ልብስ ታሰጫለሽ? ማን ሊለብሰው?"

"ባሌ አንድ ቀን አገሩ መግባቱ አይቀርም" አልኳት።

የራሴን ካፖርት ከሳጥኑ ሥር አወጣሁት… ብል ብብቱን በልቶታል። ለእሱ ልብስ ናፍታሊን ስጨምር የራሴን እንዴት ረሳሁት?

ረቡዕ፣ ጥር 7

ሀብተጊዮርጊስ ከቢሮ ሲመጣ ፊቱ በርቷል። ዝውውሩ ተፈቅዷል። ደብረ ብርሃን።

"በወሩ መጨረሻ እንሄዳለን። ለጊዜው እማዬ ጋ እናርፋለን። ደስ አላለሽም?"

ደስ ብሎኛል አልኩ። ውሸቴን።

እናቱ ጋ… እንደተጋባን እሳቸው ግቢ ኖረናል። አልወለድኩምና "ልጄ መካን ላይ ወደቀ" ይሉ ነበር፣ እኔ እየሰማሁ፣ በእንግዳ ፊት። እዚህ ግን ቲቸር ነኝ። ተማሪዎቼ ከኩልፎ ወንዝ ማዶ "ቲቸር ውቢት!" እያሉ ይጮኹልኛል።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ሹራቦቹን አጠብኩ። ለብ ያለ ውሃ፣ የገላ ሳሙና፣ ጫን ጫን ማድረግ ብቻ። ማሸት የለም። ሙቅ ውሃ ከነካው ተኮማትሮ የሕፃን ልብስ ይሆናል።

ወርቂቱ ቆማ ታየኛለች። "ይሄ ልብስ ነው ወይስ አራስ ልጅ?" ሳቅን። ቀጥላ "ያንቺስ የታለ?" አለች። ብል በላው አልኳት።

"እሰይ! እንግዲህ አትሄጂም!"

ቀልዷን ነው። እኔ ግን ስብሰለሰል ዋልኩ።

እሑድ፣ ጥር 18

ነገርኩት። መጀመሪያ በካፖርቱ አሳበብኩ። ብል ጨርሶታል፣ በዚያ ብርድ እንዴት ልሆን ነው…

"ይሄማ ምን ችግር አለው? እዚያ እንገዛለን።"

ሰበቤ ያቺው ነበረች። አለቀች። ከዚያ አፌ በራሱ ተናገረ። "ካፖርት አጥቼ አይደለም። እናትህ ቤት ተመልሼ አልገባም። አንተ ሂድ። እኔ እዚሁ ነኝ።"

ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር።

"ታዲያ ልብሴን ማን ያጥብልኛል?" አለ።

በቃ? ይኸው ነው? ሳቄ መጣ፣ ወዲያው እንባዬ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ሳፋ ይዞ ወጣ። "አሳዪኝ" አለ። አኩርፎ እንደሆነ ያስታውቃል።

ሹራቡን እንደ ጋቢ ጠመዘዘው። "አይጠመዘዝም!" ብዬ ጮህኩ። ደነገጠ። ፎጣ ውስጥ ጠቅልለህ ተጫነው አልኩት፤ ተጫነው። ሰሌኑ ላይ ዘረጋው፣ እጅጌውን አቃና፣ አንገቱን አስተካከለ። ከእኔ ይልቅ አሳመረው። ከፋኝ። ለካ ያለ እኔ አይሆንለትም ብዬ ነበር የማስበው።

እንዳጎነበሰ "እማዬን ምን ልበላት?" አለ።

"እውነቱን።"

"እውነቱ ምንድን ነው?"

"ሲሰድቡኝ ዝም ትል እንደነበር።"

ቀና ብሎ አላየኝም።

እሑድ፣ የካቲት 2

ትናንት በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደ። ካፖርቱን በክንዱ አንጠልጥሎ፣ በዚህ ሙቀት። "ሐሳብሽን ከቀየርሽ…" አለ። አልጨረሰውም። እኔም ጨርስ አላልኩትም።

ዛሬ ወርቂቱ ከላንቴ መንደር ሙዝ ይዛልኝ መጣች። "ባልሽ መቼ ይመለሳል?"

"አይመለስም" አልኳት። ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። አጠገቤ ተቀመጠች።

ማታ ለአንድ ሰው ራት ሠራሁ። እጄ አልለመደም፣ በዛ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም በላሁት።