የተሸነፍንበት ቀን

ታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? እዚያ ብርዱ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ያ ደረትህ እንዳይነሳብህ ሰጋሁ። ፎጣ ነገር አንገትህ ላይ ጣል አድርግ፤ እልኸኛነትህን አውቀዋለሁ። እኛ ደህና ነን።

ይህን ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥኩ። በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን አየሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። ሰሞኑን እንዲህ ያደርገኛል። ጠዋት መቀሱ ከእጄ ሲወድቅ ደንበኛዬ “እህቴ፣ ጆሮዬን አደራ” አለኝ።

አዎ፣ አሁን በአባባ ፀጉር ቤት የምሠራው እኔ ነኝ። እሱ የፀጉር መቁረጫውን ቶንዶስ መያዝ አቅቶታል።

ባለፈው ደንበኞቹ ከቡድናችን ጨዋታ በሕይወትሽ የማትረሺው የቱን ነው ብለው ያዙኝ። ታውቀኛለህ፤ ስናሸንፍ ድምፄ የሚዘጋ፣ ስንሸነፍ እህል የማይወርድልኝ ሴት ነኝ። ዋንጫ ያነሳንበትን እንድላቸው ጠበቁ። እኔም ዋንጫው አልኳቸው። አፌ ላይ የመጣው ግን ያንተ ጨዋታ ነበር። ከዚያ ወዲህ እረፍት የለኝም።

ደብዳቤውን እንዳትቀደው። እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ዋናው በረኛ ትከሻው ወልቆ በቃሬዛ ሲወጣ፣ ከተቀያሪዎቹ ወንበር ስትነሳ አየሁህ። ጓንትህን በጥርስህ እየሳብክ አጠለቅክ። እኩል ከወጣን እንተርፋለን፣ ከተሸነፍን ከሊጉ እንወርዳለን። ጭንቀቴን የማካፍለው ሰው ፍለጋ ዞር ዞር ስል፣ ከእኔ ጥቂት ደረጃ ዝቅ ብሎ ማን ቆሞ ነበር መሰለህ? አባባ!

“ኳስ ቤት አይሠራም” እያለ ጫማህን ጣሪያ ላይ የወረወረው አባባ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ የኳስ ወሬ የከለከለው አባባ። ነጩን ጋዋን ከኮቱ ስር እንደለበሰ፣ የሰው ፀጉር አንገትጌው ላይ እንደተበተነ ነበር። ለካ ተቀያሪ በረኛ ሆነህ ቡድኑ ውስጥ ከገባህ ጀምሮ የሜዳችን ጨዋታ አምልጦት አያውቅም። ወንበር ላይ ስትቀመጥ ለማየት! አጠገቡ ያለውን የማያውቀውን ሰው ክንዱን ጨብጦ “በረኛው የእኔ ነው፣ የእኔ ልጅ ነው” ሲለው በጆሮዬ ሰማሁት።

የተሰጠብንን ፍጹም ቅጣት ምት ያዳንክ ጊዜ ሰው ሁሉ አበደ። እሱ ግን ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ከዚያ፣ ዳኛው ሰዓቱን ማየት ሲጀምር፣ ያቺ ኳስ መጣች። አንተው ታውቃታለህ፣ በእግሮችህ መሃል ሾለከች። አንተም ተደፋህ። ስታዲየሙ በስድብ ተናወጠ። አባባ ግን ብድግ ብሎ ብቻውን ያጨበጭብ ጀመር። አንዱ “ምን ነካዎት አባቴ፣ ወረድን እኮ!” ቢለው፣ “ልጄ ወድቋል። ምን ላድርገው፣ እኔም ልርገጠው?” አለው። ከመሬት እስክትነሳ ድረስ እጁን አላሳረፈም።

ወንድሜ፣ እኔ ከዚያ የሚበልጥ ጨዋታ አላየሁም።

ሲወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። የሰረቀ ሰው ይመስል ደነገጠ። “ልሙትልሽ፣ እንዳትነግሪው” አለኝ። “አባቴ እያየኝ አመለጠችኝ ካለ ይብስበታል።” ማልኩለት። ያን ምሽት ቤት ስትገባ አባባ ዝም ያለህ ለዚህ ነው። አንተ ንቆኛል ብለህ ሻንጣህን አነሳህ፤ እሱም አፉ እንደተሳሰረ ቀረ።

ከሄድክ በኋላ አንድ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ስለ “ወንፊቱ በረኛ” ቀልድ ጀመረ። አባባ የሰውየውን ግማሽ ራስ ላጭቶ ቶንዶሱን አጠፋና “ጨርሻለሁ፣ ተነስ” አለው። ሰውየው ግማሹን እስኪያሳድግ በባርኔጣ ከረመ።

መሐላውን ዛሬ ለምን አፈረስሽ ትለኝ ይሆናል። ሐኪሙ አባባ ከእንግዲህ ቤቱ ቢሆን ይሻለዋል ብሎ አሰናበተን። እማዬ ከአጠገቡ አትጠፋም። ብዙ ይተኛል፣ ሲነቃ ግን አእምሮው ንጹሕ ነው። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፣ አውቶቡስም አሁን በየቀኑ አለ፤ እንዲያው ወሬውን ልንገርህ ብዬ ነው።

ትናንት ጢሙን እየላጨሁት ሳለ እጄን ያዘና፣ “አሳምሪልኝ፤ ሰው ሊመጣ ይችላል” አለኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፣ እግርህን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ።

ታላቅ እህትህ