የሕያዋን መዝገብ

ለወንድሜ ለገልገሎ፤ ናጋ ነህ ወይ? እኛ ነገሌ ያለነው ከከብቶቻችን ጋር ደህና ነን። ይህን የምጽፈው እኔ ታላቅህ ዋቅጅራ በገዛ እጄ ነው። ከማታው መሠረተ ትምህርት አንደኛ ወጥቼ አሁን የሰፈሩን ደብዳቤ ሁሉ የማነብ እኔ ነኝ።

ከግንባር የጻፍከው ከደረሰን ስምንት ወር ሆነው፤ መንገዱ ሩቅ ነው። እናታችን መኪና በመጣ ቁጥር መናኸሪያ ትወጣለች። ለእግሯ ጥሩ ነው እላለሁ።

በቀደም የእርዳታ እህል ጭነን ወሎ ስንሄድ መኪናው ተበላሽቶ አንድ መንደር አደርን። ጠዋት ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አሳዩን። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ሥዕል ነው፤ ቀለሙ ትናንት የተቀባ ይመስላል። ጻድቃኑ በሁለት ዓይናቸው ያዩሃል፤ ኃጥአኑ በጎን ስለተሳሉ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። እኔም ለማንኛውም ብዬ ፊቴን ሙሉ አዙሬ ቆምኩ። ሠዓሊው የቅዱሳኑን ስም ሁሉ ጽፎ የራሱን ትቶታል። እኔ ብሆን በሩ ላይ ነበር የምጽፈው።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ቄስ የሚጸለይላቸውን ሰዎች መዝገብ አወጡ። የክርስትና ስምህን፣ ወልደሩፋኤልን፣ ነገርኳቸው።

«ከሕያዋን ጋር ነው ከሙታን?» አሉኝ።

«አባ፣ ብዕሩን ለእኔ ይስጡኝ» አልኩ።

ከሕያዋን ጋር፣ ሦስት መስመር በሚይዝ ፊደል ጻፍኩህ።

«የሌላውን ሰው ቦታ ጨረስክበት እኮ» አሉ ቄሱ።

«ወንድሜ ቁመተ ረጅም ነው፣ አባ» አልኳቸው።

አምላክ ባለህበት ይጠብቅህ። ለመልስ ጊዜ ካጣህ ስምህን ብቻ ጽፈህ ላክ፤ ማንበብ እችላለሁ።

ወንድምህ ዋቅጅራ