ከፓዶቫ የመጣው ማንገቻ

ኦርሄይ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2019

ዶሪናዬ፣ የሆዴ ልጅ፣

ሳልሽ ተወሽ ወይ? በስልክ ስታወሪኝ ደረትሽ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር። ማርና ወይን አፍልተሽ ጠጪ፤ ጣልያን አገር ወይን የለም እንዳትይኝ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ወይኑን ለቅሞ ጨርሷል። አሁን በርሜሉ አጠገብ በርጩማ አስጠግቶ እየቀመሰ ነው። «ገና አልደረሰም» ይላል፤ ግን ከአጠገቡ አይነሳም።

ወደ ነገሬ ልግባ። በስልክ ካወራን አንቺ ቶሎ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ቶሎ እቆጣለሁ፤ ስለዚህ በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። ያልሽኝን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ አልደነዘዘም፣ የደነዘዘው ጣቴ ነው። ሐኪሙ አንገቴ ውስጥ ያለው ነርቭ እንደተጫነ፣ ወይ ሸክሙን ወይ ቀኝ እጄን መምረጥ እንዳለብኝ ነገረኝ። አንቺ ደግሞ ካሜራዎቹን ሽጭና ፓዶቫ ነይ፣ አጠገቤ አርፈሽ ተቀመጪ አልሽ። እኔን አርፋ የምትቀመጥ ሴት አድርገሽ ያሰብሽው ከማን ጋር አምታተሽኝ ነው? በዚህ ከተማ ያላነሳሁት ሙሽራ የለም፤ የሙሽሮቹንም ልጆች እያነሳሁ ነው። ይህን ሥራ ከተውኩ ጠዋት ተነስቼ ምን እንደምሆን አላውቅም። በግልጽ ልንገርሽ፣ ያስፈራኛል።

ስለዚህ ሸክሙን ከምተው ማንገቻውን ልለውጥ አልኩ።

ከካሜራው ጋር የመጣውን ቀጭኑን ታውቂዋለሽ። የፋብሪካው ስም በትልቁ ተጽፎበታል፤ ለማስታወቂያ እንጂ ለአንገት የተሠራ አይደለም። እሱን ጣልኩት። አባትሽ «ለእኔ ተዪው» ብሎ የላዳውን ቀበቶ ቆርጦ ሰፋልኝ። ጠንካራነቱስ ጠንካራ ነው፣ ዝሆን ያንጠለጥላል፤ ጠርዙ ግን አንገቴን እንደ ቢላ ይዞኝ ዋለ። አባትሽ ይኸውና አሁን ያለ ቀበቶ ይነዳል፤ ፖሊስ ሲያስቆመው «ሚስቴ ታጥቀዋለች» ይላል። ቀጥሎ በደረት ላይ ሰያፍ የሚታነገተውን ኪሺናው ከተማ ሄጄ ገዛሁ። ቆመሽ ስትሄጂ ይመቻል። ጎንበስ ስትዪ ግን ካሜራው ከጀርባሽ ተወንጭፎ ይመጣል። የሙሽራዋን ጫማ ላነሳ ጎንበስ ስል ጫማውን የምታስርላትን የክርስትና እናቷን ግንባሯን አላት። እግዜር ይስጣት፣ ፎቶው ላይ እብጠቱን አጥፊልኝ ብቻ ነው ያለችኝ።

ከዚያ ነው አንቺ የላክሽው የደረሰኝ። ጀርባ ላይ የሚጠላለፍ፣ ግራና ቀኝ መንጠቆ ያለው፣ እንዴት ያለ ቆዳ! አባትሽ ከካርቶኑ ሲያወጣው «ፈረሱስ የታለ?» አለ። ታጠቅኩትና ሁለቱን ካሜራ አንጠልጥዬ ቤት ውስጥ ዋልኩ። ሳህን አጠብኩ፣ ዱባ ላጥኩ፣ ደረጃ ወጣሁ ወረድኩ። አንገቴ ላይ ምንም የለም፤ ሁለት እጄ ነፃ ነው። ወረቀቱ ለሁሉ ይሆናል ይላል። «ሁሉ» ያሉት ወንዱን መሰለኝ፤ ደረት ላለው ሰው አላሰቡም። የቀኙ ጠፍር ወደ ውጭ እየሸሸ የትከሻዬን አጥንት ይፈገፍገዋል። ግን ቆዳ ነው፣ ይለምዳል ብዬ ለአጋፊያ ልጅ ሠርግ ታጥቄው ሄድኩ። አጋፊያን አትረሻትም፣ የድሮ ጎረቤታችን፣ ዝይዎቿ ያባርሩሽ የነበሩት።

አሁን የሆነውን ስሚ። ከሌላ ሰው ሳትሰሚው ከእኔ ስሚው።

ገና ከረፋዱ ትከሻዬ መቃጠል ጀመረ። መግቢያው ጠረጴዛ ላይ ለሁለቱ ወገን ተደራዳሪ ሽማግሌዎች የሚታሰሩት ጥልፍ ፎጣዎች ተከምረዋል። አንዱን አነሳሁና ከጠፍሩ ሥር አደረግኩት፤ እንዳይንሸራተት ደግሞ ከትከሻዬ ወደ ዳሌዬ ሰያፍ አውርጄ ቋጠርኩት። እፎይ! ከዚያ በኋላ ፎጣውን ጭራሽ ረሳሁት። የመኪና ጡሩምባና አኮርዲዮን ከታች ሲሰማ እንደልማዴ ሰርገኛው ሲገባ ላነሳ ቀድሜ ከአጥሩ በር ወጥቼ ቆምኩ።

በትከሻዋ ጥልፍ ፎጣ ያሰረች ሴት በር ላይ ቆማ ሲያዩ ምን ይበሉ? የሙሽራው ወገን ሽማግሌ ፓንቴሌይ የሚባል ቁመተ ሎጋ ጎልማሳ ነው፤ ከሶሮካ በኩል የመጣ ስለሆነ አያውቀኝም። ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና ግጥሙን ጀመረ። አዳኞች ነን፣ የአጋዘን ዱካ ተከትለን ከዚህ ደጅ ደረስን አለ። ክቡን ዳቦ በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። በድሮው ማንገቻ ቢሆን ሁለት እጄ ካሜራ ላይ ነበር። ይሄ መታጠቂያ ግን እጅ ያስፈታል፤ የተፈታ እጅ ደግሞ ዳቦ ሲዘረጉለት ይቀበላል። ተቀበልኩ።

ዶሪናዬ፣ ፎጣ ያሰረ ሰው ዳቦ ከተቀበለ ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። በሩ ተከፈተ ማለት ነው፣ ድርድሩ አለቀ ማለት ነው። ሰርገኛው እልል ብሎ እየጨፈረ በአጠገቤ ጎርፎ ገባ። የእኛ ወገን ሽማግሌ ዛሃሪያ ጉንጩ ሙሉ የፕላቺንታ ቂጣ ይዞ ከወጥ ቤት ብቅ ሲል ግቢው ሞልቷል። ቅኔውን ሲያዘጋጅ የከረመ ሰው ነው፤ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ድርድሩ አለቀበት። አጋፊያ ፊቷ እንደ ኖራ ሆኖ መጣችብኝ።

«አንፊሳ፣ ልጄን እንደ ድመት ግልገል በነፃ ሰጠሽብኝ?»

ይቺ ከተማ ወሬ እንዴት እንደሚሮጥባት ታውቂያለሽ። ማታውኑ «አንፊሳ አርጅታለች፣ ቦታዋንም አታውቅም» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይጠራኛል? ሐኪሙ ያላስተወኝን ሥራ አንድ ዳቦ ሊያስተወኝ ነው። ግን እናትሽ ዝም ብላ የምትቀበር ሴት አይደለችም። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሳይደርስ ሮጬ የበሩ ደፍ ላይ ቆምኩና ዳቦውን ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

«ይሄ ዳቦ የከፈተው የአጥሩን በር ነው። የቤቱ በር የራሱ ዋጋ አለው።»

እንዲህ ያለ ደንብ የለም። እዚያው ቆሜ ፈጠርኩት። ግን እኔ ስንት ሠርግ ያየሁ ሰው ነኝ፤ እኔ ካልኩት ማን ይከራከረኛል? ፓንቴሌይ እየሳቀ «ምን ልክፈል፣ እናቴ?» አለኝ። መታጠቂያውን ፈትቼ ከነካሜራዎቹ ዘረጋሁለት። ይህን ታጥቀህ ግቢውን የሆራን ዳንስ እየጨፈርክ ዙር፣ ሳይወድቅብህ ከዞርክ ሙሽራዋ ያንተ ናት አልኩት። ሰው በሳቅ ፈነዳ፣ አኮርዲዮኑ ተነሳ። ሰውየው ኮቱን አውልቆ ታጠቀና ጀመረ። ካሜራዎቹ ግራና ቀኝ ዳሌውን እየደበደቡት፣ ዛሃሪያ ደግሞ እልሁን ሊወጣ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ «ጉልበትህን እጠፍ! አጋዘን እንዲህ ነው የሚሄደው?» እያለ ይሰድበው ነበር። አጋፊያ ሳቀች። እሷ ስትስቅ ነፍሴ ተመለሰች።

እኔ ደፉ ላይ ሆኜ አጨበጭብ ነበር። ሳጨበጭብ እጄ ተሰማኝ። አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴ፣ ከፋሲካ ወዲህ የሌሉ የመሰሉኝ፣ ሞቅ አሉኝ። ሸክሙ ከላዬ ከወረደ ገና አንድ ዘፈን እንኳ አልሞላም። እንባዬ መጣ። ሰው ለሙሽራዋ ያለቀስኩ መሰለው፤ ይምሰለው።

ፓንቴሌይ ዞሮ ሲመለስ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። መታጠቂያውን እየፈታ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእኔ ብቻ፣ «እናቴ፣ ይሄን ቀኑን ሙሉ ብቻሽን ነው የምትሸከሚው?» አለኝ። አልቀለደም። ካሜራዎቹን ከእጁ ተቀበልኩ።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልሽ። ማንገቻሽ ጥሩ ነው፤ ከሞከርኩት ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። ሸክሙ ግን የሁለት ሰው ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ስፌቱን ፈታሁና ለሁለት ከፈልኩት። የእኔን ግማሽ ከወፍራም ቀበቶ ጋር አገናኘሁት፤ ክብደቱ አሁን ዳሌዬ ላይ ያርፋል፣ ትከሻዬ ጠፍሩን ደገፍ ብቻ ያደርገዋል። ከውስጥ፣ ከሠርጉ በኋላ አጋፊያ የሰጠችኝን ያንኑ ፎጣ ሰፋሁበት። የመንጠቆው ብሎን እየላላ ካሜራ ይጥላል ሲሉ ስለሰማሁ አጭር ገመድ ጨመርኩለት። የምይዘው አንድ ካሜራ፣ ቀላሉን ሌንስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ሠርቻለሁ፤ ጣቴ የሚደነዝዘው ማምሻውን ብቻ ነው፣ ሳሻሸው ይመለሳል። ሐኪሙ ቀበቶዬን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። በደስታ ይሁን በንዴት አልጠየቅኩትም።

ፓዶቫ አልመጣም። አትቀየሚኝ። ገና ብዙ ሰው እድራለሁ።

የጎደለብኝ ነገር ቢኖር ከሩቅ የሚያነሳው ትልቁ ሌንስ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካህኑ አክሊሉን ሲጭኑ እኔ ሙሽሮቹ ጋ መሆን አለብኝ፤ እናቶቹ ደግሞ ከወዲያ በኩል ቆመው ያለቅሳሉ። ካለሁበት አልደርስባቸውም። ከመሄድሽ በፊት እነሱን የምታነሺው አንቺ ነበርሽ፤ ከዘማሪዎቹ ጀርባ ቆመሽ፣ ማንም ሳያይሽ። የአጋፊያን ፊት ማንም አላነሳውም። ልጇ አልበሙን ስታገላብጥ «እማዬስ የታለች?» አለችኝ።

ሌንሱን አልሸጥኩትም። ሁለተኛዋን የአጋፊያ ልጅ የገና ፆም ሳይገባ ይድሯታል፤ ዳቦ ብቀበል እጄን እንደምትቆርጠው ነግራኛለች፣ ግን የጠራችው እኔኑ ነው። ነይ አላልኩሽም። ሥራ አለሽ፣ አውቃለሁ። ናፍቀሽኛል፤ ይህን በስልክ ስለማልደግመው እዚህ ጽፌዋለሁ።

ሌላውን ግማሽ መታጠቂያ ጥለሽው በሄድሽው ሰማያዊ ኮት ላይ ለክቼ ሰፋሁት። አባትሽ ለማን እንደምሰፋ ጠየቀኝ፤ ለማንም አልኩት። ኮቱን አራግፎ መልሶ ሰቀለው፤ መታጠቂያውን ግን ከበሩ ኋላ፣ ድሮ ቦርሳሽን የምታንጠለጥዪበት ምስማር ላይ አደረገው።

እመቤታችን ደረትሽን ከብርድ፣ ትከሻሽን ከሸክም ትጠብቅልኝ። የምትይዢው ሁሉ ቀሎሽ፣ የምትሄጂበት ሁሉ ተከፍቶልሽ፣ እጅሽ ሁልጊዜ ሙቅ ሆኖ ይቆየኝ።

እናትሽ
አንፊሳ

ማስታወሻ፦ ኮቱ ያኔ ጠበብ ይልሽ ነበር። ትከሻሽ ሰፍቶ እንደሆነ ብዬ ቆዳው ላይ ማስረዘሚያ ቀዳዳ ጨምሬበታለሁ።