ቅጠል ነው ያልሽኝ ዱቄት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? እንቅልፍሽስ? አባዬስ ያ ሳል ተወው ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ካውያው ክንዴን ቢያዝለውም ሥራዬን እየሠራሁ ነው። ይህን እህቴ ስታነብልሽ አቋርጠሽ እንዳትነሺ። «ደህና ነኝ» ያልሽኝን አላመንኩሽም። ምግብ አስጠላኝ፣ ገላዬን ያሳክከኛል ብለሽ ወዲያው ወሬ የቀየርሽው ለምንድን ነው? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልሽ ያሳደግሽን አንቺ፣ በሽታውንም መድኃኒቱንም ከሐኪም ደበቅሽ።

የምጠረጥረው ጎረቤታችን «ቅጠል ነው፣ ደም ያጠራል» ብላ ሰጠችኝ ያልሽኝን ዱቄት ነው።

እዚህ ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት አብራኝ የምትተኩስ ሴት አለች፤ ወሬ ስለማያልቅባት «ራዲዮ» እንላታለን። ለመክሳት ብላ ከአለቃችን አረንጓዴ የቅጠል እንክብል እየገዛች ትውጥ ነበር። እሷንም እንዳንቺ ምግብ አስጠልቷት፣ ገላዋን ያሳክካት ነበር። የኛ ሥራ ነጭ አንሶላ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ማደን ስለሆነ ቢጫ ነገር አያመልጠንም። አንሶላ ይዘን ስናጥፍ ቀና ብትል የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆኗል። ሽንትሽስ ብላት፣ እንደ ሻይ ጠቁሯል፣ ውሃ ስላልጠጣሁ ነው አለችኝ።

ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ ሲላት ምንም የለም አለች። አልዋሸችም፤ ቅጠል እሷ ዘንድ መድኃኒት አይባልም። እኔ ነኝ ብልቃጡን ከቁም ሳጥኗ አምጥቼ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት። ጉበቷን የጎዳው ይሄ ሳይሆን አይቀርም ብሎ መድኃኒት ለሚቆጣጠሩት ጻፈ። እርግጠኛ ነህ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ለማመልከት መጠርጠር ይበቃል አለኝ። አለቃችን ከዚያ ወዲህ ማን እንዳሳበቀ እያነፈነፈ ነው፤ ያነፍንፍ! እሷ ተሽሏታል፤ አታስቢ።

«ጎረቤቴ ጠጥታው ምን ሆነች?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ለእሷ የተስማማ ላንቺ ላይስማማ ይችላል። ዓይንሽን በመስታወት እዪ፤ ዱቄቱንም አቁሚ፤ ግን አትጣዪው፣ ከነቆርቆሮው ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የጉልበትሽን ክኒንም አብረሽ ያዢ። የሰጪዋን ስም ላለማንሳት ብለሽ ደግሞ ዝም እንዳትዪ፤ ይሉኝታ ጉበት አይጠግንም።

ለአባዬ ጉልበቱን እንደሳምኩ ንገሪልኝ። ጎረቤታችንንም ሰላም በዪልኝ፤ አልተቀየምኳትም፣ ግን እሷም ዓይኗን በመስታወት ትይ።

እህቴ፣ እዚህ ላይ ድምፅሽን አቁሚና የቀረውን በልብሽ አንብቢው። ተሽሏታል ያልኩት እማዬ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። ራዲዮን ትናንት ቀበርናት። ነገ አትበዪ፤ አሁኑኑ ልብሷን አልብሰሽ ውሰጃት።

ከካውያ ክፍሉ፣ ኅዳር 9 ቀን