ባንክ በወሰደው ቤት የደረስሁት ለቅሶ

ይድረስ ለማትረሺኝ ለብርቅነሽ፤

ድምፅሽ ከዚህች ዓለም ከራቀ፣ እኔም ጠዋት ተነሥቼ ከማንም ጋር አንዲት ቃል ሳልለዋወጥ ልብሴን መልበስ ከጀመርሁ፣ እነሆ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አንቺን ደኅና ነሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ለኔ የተፈቀደ አይመስለኝምና ደኅና እንደሆንሽ አምኜ እጀምራለሁ። እኔ ጉልበቴ ከመድከሙ በቀር ደኅና ነኝ። ልጃችን አልማዝ በየእሑዱ እየመጣች ልብሴን ታጥብልኛለች፤ ስለ መጥፎ ምግቤም ትቆጣኛለች፤ ቁጣዋ ሙሉ በሙሉ ያንቺ ነው።

ዛሬ ልነግርሽ የተነሣሁት ስለ ቤት ነው። ያን ሁሉ ዘመን በሁለት ክፍል ውስጥ፣ መጀመሪያ ለባለቤቱ፣ ትርፍ ቤት ከተወረሰበት ዐዋጅ ወዲህም ለቀበሌው ኪራይ እየከፈልን ስንኖር፣ ግድግዳ ላይ ሚስማር ለመምታት እንኳ ፈቃድ የምንጠይቅ ሰዎች መሆናችን ምን ያህል ይከነክንሽ እንደነበር አልዘነጋሁም። በመጨረሻው ሕመምሽ ጊዜም እጄን ይዘሽ፣ አብረን ያጠራቀምነውን ለሐውልትሽ እንዳላወጣው፣ ይልቁንም ትንሽም ብትሆን የራሳችንን ቤት እንድገዛበት አደራ አልሽኝ።

እኔም ዕድሜዬን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የፈጸምሁ ሰው ነኝና ማስታወቂያ የት እንደሚለጠፍ ለማወቅ መሪ አላስፈለገኝም። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰሌዳው ፊት እየቆምሁ፣ ባንክ በዕዳ ይዞ ለሽያጭ ያወጣቸውን ቤቶች አነብ ነበር። “ተበዳሪው በውሉ መሠረት ስላልከፈለ” የምትለዋን ዐረፍተ ነገር በገዛ እጄ ስንት መቶ ጊዜ እንደ ገለበጥኋት እግዚአብሔር ያውቃል፤ ከኋላዋ ሰው መኖሩን ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። በሳንሱሲ ያየሁት ቤት ጓሮውን ገደል እየበላው ነበር። በአስኮ ያየሁትን ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ እንደሚጎበኘው አንዲት ጎረቤት ቀስ ብላ ነገረችኝ። ሦስተኛው እዚሁ ኮልፌ ያለ፣ ሦስት ክፍል፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነበር፤ ሁለት ጊዜ ለሐራጅ ቀርቦ ተጫራች በመጥፋቱ ባንኩ ራሱ ተረክቦት፣ ገዢዎች ዋጋቸውን በታሸገ ፖስታ እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። ሁለት ጊዜ ገዢ ያጣ ቤት አንድ የተሰወረ ጉድለት ሳይኖረው አይቀርም ብዬ፣ ምናልባትም ጣራው ነው ብዬ፣ ማስታወቂያውን አጥፌ በኮቴ ኪስ ከትቼ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ላየው ሄድሁ።

ስደርስ ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ልመለስ ስል አንድ የዕድሩ ሽማግሌ እጄን ያዘና “ይግቡ እንጂ አባት፣ ውጭማ ይበርድዎታል” ብሎ፣ ለሽበቴ ክብር ሲል ድንኳኑን አሳልፎ ከውስጠኛው ክፍል አስቀመጠኝ። ንፍሮም በእጄ ተደረገ። እንግዲህ፣ ብርቅነሽ፣ ሙሾ በሚወርድበት ቤት መካከል ቆሜ ቤታችሁን ለመግዛት ነው የመጣሁት ልበል? እግዜር ያጽናችሁ አልሁና አቀርቅሬ ተቀመጥሁ። ዓይኔ ግን አላቀረቀረም፤ የኮርኒሱን አቡጀዲ፣ የዝናቡን እድፍ፣ የማዕዘኑን ስንጥቅ ሲመረምር ዋለ። ሟቹ አናጢ እንደነበረ፣ ከባንክ ተበድሮ ቤቱን በእጁ እንደ ሠራው፣ ከዚያ ታሞ መሥራት እንዳቃተው፣ ከጎኔ ከተቀመጡት ሰዎች ሰማሁ። በሁለቱም ሐራጅ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ላለመጫረት ተማምሎ፣ ከሌላ ሰፈር የመጣውንም እያባበለ እንደ መለሰው ሲያወሩ ግን በኮቴ ኪስ ያለውን ማስታወቂያ በመዳፌ ሸፈንሁ። ከጣራው ላይ የምፈልገው ጉድለት ይኸው ነበር።

ለቅሶን ጀምሮ ማቋረጥ ነውር ሆነብኝና በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ሄድሁ። በሦስተኛው ቀን ፖስታ ማስገባቱን ትቼ፣ እውነቱን ተናግሬ ለመሰናበት ቆረጥሁ፤ ያንቺን አደራ ማጠፌ ግን ይከብደኝ ነበር። ወደ ሟቹ ባለቤት ወደ ወይዘሮ አስካለ ቀርቤ መንተባተብ ስጀምር አላስጨረሰችኝም።

“አባቴ፣ አይድከሙ። ለቅሶ የመጣ ሰው መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። እርስዎ ሦስት ቀን ሙሉ ጣራ ጣራውን ሲያዩ ከረሙ እኮ።”

ከአጠገቧ ያሉት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ሳቃቸው ግን በትከሻቸው ወጣ። እኔም አንቺ በደኅናው ዘመን የምትስቂብኝን ፊት እንደያዝሁ ቀረሁ። እሷ ግን ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የባንኩ ሰው ከአቅሙ በላይ ቀን እየገፋ እንዳዘነላት፣ ከእንግዲህ ግን ቤቱ መሄዱ እንደማይቀር አስረዳችኝ።

“ለማላውቀው ከሚሆን ለቅሶዬን ለደረሰ ሰው ይሁን” አለችኝ። “የሱን አርባ ብቻ እዚሁ ላውጣ።”

ከዚያ ቀበሌ ሄጄ ሌላ ቤት የሌለኝ ለመሆኑ ደብዳቤ ጠየቅሁ፤ የልጅ ልጃችን ሊሆን የሚችለው ሊቀመንበር “ጓድ፣ በዚህ ዕድሜዎ ቤት ምን ያደርግልዎታል?” ብሎ ማኅተሙን መታልኝ። በባንኩ ሣጥን ውስጥ ከኔ ፖስታ በቀር ሌላ አልተገኘም። ጸሐፊው ዛሬውኑ መረከብ እንደምችል ቢያበሥረኝ፣ አልቸኩልም ብዬው ወጣሁ።

በአርባው ዕለት፣ በስሜ ወደ ተጻፈው ቤት እንደ ማንኛውም እንግዳ ገባሁ። ወይዘሮ አስካለ ከጥቂት ቀናት በፊት ስላንቺና ስለ አደራሽ ስነግራት የክርስትና ስምሽን ጠይቃኝ ነበር፤ ለጨዋታ መስሎኝ ነገርኋት። ቄሱ ፍትሐቱን ጀምረው የባለቤቷን የወልደ ገብርኤልን ነፍስ ካሰቡ በኋላ፣ ከእጃቸው ያለችውን ብጣሽ ወረቀት ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ “ወለተ ጻድቃን” ብለው ሲጠሩሽ፣ የድንኳኑን ምሰሶ ያዝሁ። እናትሽ ከሞቱ ወዲህ፣ ካንቺው ፍትሐት በቀር፣ በዚህ ስም የጠራሽ ሰው አልሰማሁም።

በሳምንቱ እሷ አስኮ ወዳለው ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ክፍሎቹን ጠርጋ፣ በክረምት እያበጠ የሚያስቸግረውን መስኮት አሳየችኝ፤ ሦስት ቀን ስመረምር ያላየኋትን የምታፈስ ማዕዘንም ጭምር።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው፤ ሥጋዬ እስከ ቆየች ድረስ፣ ከኔም በኋላ አልማዝ እንድትፈጽመው አደራ ሰጥቼ፣ በየዓመቱ ያች የአርባው ቀን በመጣች ቁጥር ደጁን ከፍቼ ወይዘሮ አስካለን ከአስኮ አስጠራለሁ፤ ካህንም ይመጣል፤ የሠራው ሰውና ልትኖርበት የተመኘችው ሴት ሁለቱም በዚህ ቤት በስማቸው ይጠራሉ።

የኔ ስትይኝ የኖርሽው፣
በላይነህ