ሃያ ሁለቱ ደረጃዎችና ያንቺ ፈተና

ለውድ እህቴ ለእታለም፤

ሰላምታዬ ከፖስተኛው ቀድሞ ደጃፍሽ ይድረስ። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ዓይንሽን የሚያምሽ ነገር ተሻለሽ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? አባባንስ ሳሉ ለቀቃቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ከደህናም አልፌ የተማረ ሰው ሆኛለሁ። ይህን ጽሑፍ ልብ ብለሽ እዪው፤ የማንም እጅ አልነካውም። አንዳንዱ ፊደል ከተንጋደደ ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው።

ያንቺንም ደብዳቤ ራሴ አነበብኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ እንጂ አንድ ቃል አላመለጠኝም። እስከ ዛሬ የሚያነብልኝ አብሮኝ ልብስ የሚተኩሰው ባልደረባዬ ነበር፤ ካውያ ሲይዝ ስለሚያፏጭ ፉጨት ነው የምንለው። በየደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ «ለዚያ መልከ መልካም ጓደኛህ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ» እያለ ያነብልኝ ነበር። ለካ ከኪሱ እየጨመረ ኖሯል! ብጠይቀው «ሰላምታ ማንን ይጎዳል?» አለኝ።

ያነበብኩት ነገር ግን አንጀቴን በላው። ከፍተኛውን የእንግሊዝኛ ፈተና ወድቀሽ፣ የጣለሽም ፕሮፖዛል የሚሉት ጽሑፍ ሆኖ፣ ከእንግዲህ አልቀመጥም ብለሻል። ያለዚያ ወረቀት ደግሞ ከልጅነትሽ የተመኘሽው የአስተርጓሚነት ሥልጠና አይቀበልሽም። አትቀየሚኝና አወዳደቅሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። የንባብ ክፍል እንዲከፈት ጻፊ ተብለሽ፣ ገጹን በሰላምታና በምስጋና ሞልተሽ የፈለግሽውን መጨረሻው መስመር ላይ አመጣሽው። እኔም ያንኑ ነው ያደረግኩት! አይ የአንድ እናት ልጆች!

እዚህ ልብስ የሚታጠበው ምድር ቤት፣ የሚተኮሰው ፎቅ ላይ ነው። ገና ያልደረቀውን አንሶላ በቅርጫት ተሸክመን ሃያ ሁለት ደረጃ እንወጣ ነበር። የማታ ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ይህን ስትሰማ «ለልብስ ማጠቢያ ቤቱ ባለቤት ፕሮፖዛል ጻፉ» አለችን። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ሌላ ማን አለ? የአሠሪዬን ጤና፣ የባሏን፣ የልጆቿን፣ የድመቷን ሳይቀር ጠይቄ ሁለት ገጽ ሞላሁ። አስተማሪያችን «ድመቷም ቅርጫት ትሸከማለች?» አለችና ሁሉንም ሰረዘችው። «መጀመሪያ ለምን እንደምትጽፍ ተናገር። ችግሩን አሳይ፤ ከዚያ መፍትሔውን፣ ከዚያ ጥቅሙን። አትለምን፤ አስረዳ» አለችኝ።

አስረዳኋ! የምንሸከመውን ቅርጫት ቆጠርኩ፤ የሚባክነውን ሰዓት ጻፍኩ፤ ምድር ቤት ባዶውን የተቀመጠው ክፍል መተኮሻ ይሁን አልኩ። ባለቤቷ አንብባ «ማን ጻፈላችሁ?» አለች። «እኔ» ብላት አላመነችም፤ ጮክ ብለህ አንብበው አለችኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደ ዜና አንባቢ አንበለበልኩት፤ ጀርባዬ ግን በላብ ርሶ ነበር። ሰኞ የመተኮሻ ጠረጴዛዎቹ ወረዱ። የፕሮፖዛሌ ጉዳት አንድ ብቻ ነው፤ ፉጨት ትንፋሽ ስለተረፈው አሁን ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ያፏጫል።

እንግዲህ ለአንቺም ፕሮፖዛል አቅርቤያለሁ።

ዓላማው፦ እህቴ ለፈተናው ዳግመኛ እንድትቀመጥ።
ያለው ሁኔታ፦ ምዝገባው በወሩ ማብቂያ ይዘጋል፤ እህቴ ደግሞ አኩርፋለች።
መፍትሔው፦ ይህ ደብዳቤ በደረሳት ማግስት ሄዳ ትመዝገብ፤ ሰላምታዋን ለእኔ ታስቀምጥልኝ።
ጥቅሙ፦ እሷ አስተርጓሚ ትሆናለች፤ እኔ «አስተማሪዋ ነኝ» ብዬ እኮራለሁ።

ስሄድ «አንድ ቀን ትጽፍበታለህ» ብለሽ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትሽልኝን እርሳስ ታስታውሻለሽ? ስቄብሽ ነበር። ፕሮፖዛሉንም ይህንንም ደብዳቤ የጻፍኩት በእሱ ነው። የተረፈው ግማሽ ፖስታው ውስጥ አለልሽ፤ ጠርቤዋለሁ። መንገዱን ስለለመደ ፈተናው ላይ ያዢው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አባባን ልጅዎ ጻፈ በያቸው፤ ካላመኑ ወረቀቱን አሳዪያቸው። አጎታችን መነጽሩን ፈልጎ ራሱ ያንብበው። ፉጨትም ሰላም ብሎሻል፤ ይህኛው እውነተኛ ነው።

ወንድምሽ፣
ከአዲሱ መተኮሻ ክፍል፣ ከደረጃው ሥር
መጋቢት ፲፪ ቀን