የአባዬን ዓይን ይዤ

ሰኞ፣ የካቲት 3። ኩልመስክ

የዓይን ጠብታዋ ጠርሙስ የለችም። ቦርሳውን ሦስት ጊዜ ገልብጬ አራገፍኩት። ነጭ ክዳን ያላት አለች፤ ቀይ ክዳን ያላት የለችም። ዚፑ ከጎን ተተርትሯል። ከድልብ ወዲህ ካለው ኮረኮንች የሆነ ቦታ ወድቃ ቀርታለች ማለት ነው።

አባዬ አላወቁም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በቃላቸው ዳዊት ይደግማሉ። ቀኝ ዓይናቸው በፕላስቲክ ተሸፍኗል። ግራው ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው። ያለችን አንዲት ዓይን ናት።

ልጻፈው፣ ምናልባት ልቤ ይረጋልኛል። ደሴ ላይ የዓይናቸው ሞራ ከተገፈፈ ዐሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ሐኪሙ ያዘዘው፦ አቧራ እንዳይነካቸው። ውኃ እንዳይገባ። እንዳያጎነብሱ። ሁለቱም ጠብታ በየአራት ሰዓቱ፣ አንዱም ሳይቀር። እኔው ሄጄ በመኪና አምጥቻቸው፣ ወር ሙሉ እኔ ቤት ሊቆዩ ነበር።

ከዚያ ወሬው መጣ። ከአገር ቤት የመጣ አንድ ነጋዴ፣ እናቴ «ደሴ የሄዱት መንገድ ላይ ቀርተዋል» ተብላ እንደተረዳች ነገረን። ስልክ ከጠፋ ሰንብቷል፤ «አለን» የምንልበት የለንም። አባዬ እህል አልወርድ አላቸው። «እሷ ለቅሶ ተቀምጣ እኔ እዚህ ፍራሽ ላይ ልንጋለል? በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ» አሉ። የሕዝብ መኪና ቆሟል። የቀረው የእኔ ሞተር ነው።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከቀበሌ ቀበሌ በሞተር ዞሬያለሁ፤ ኮረኮንች ብርቄ አይደለም። አባቴን ከኋላዬ አስቀምጬ ግን አላውቅም። ትናንት ከደሴ ወልድያ ደህና ነበር። ዛሬ ዳገቱ ላይ ክንዴ ደርቆ እንጨት ሆነ።

አንድ ጥምዝ ላይ የታጠቁ ሰዎች አስቆሙን። አንደኛው፣ «ሞተር ክልክል መሆኑን አልሰማሽም?» አለኝ። አባዬ ከኋላዬ ሆነው፣ «ልጄ፣ በንግግርህ የዋድላ ሰው ትመስለኛለህ» አሉት።

ሰውየው መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ፣ «ወዴት ነው አባቴ?» አላቸው።

«ሚስቴ ሞቷል ብላ እያለቀሰች ነው። አልሞትኩም ልላት ነው።»

ሣቁ። አሳለፉን። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ መንገድ በሁለተኛ ማርሽ ነው የሄድኩት፤ እግሬ ማርሹን ማግኘት አቃተው።

አሁን የማታውን ጠብታ አደረግሁላቸው። ነጯን ብቻ፣ ሁለት ጊዜ። «ሁለቱንም አደረግሽ?» አሉኝ። «አዎ አባዬ» አልኩ። የነነዌ ጾም በገባ በመጀመሪያው ቀን አባቴን ዋሸሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4። ላሊበላ መግቢያ

ጠዋት «ውኃ ልግዛ» ብዬ ወጥቼ ሁለት መድኃኒት ቤት ጠየቅሁ። የለም። «ላሊበላ አታጭውም» አለኝ አንደኛው። መንገዱን ሁሉ ይህችን ቃል ይዤ ነዳሁ።

አራት ጊዜ ቆምን። አንዴ አባዬ ወገባቸውን ሊያፍታቱ። አንዴ የበግ መንጋ ሊያልፍ። አንዴ እኔ ላለቅስ፤ ሰንሰለት ላጠብቅ ነው አልኳቸው። አራተኛው አንድ አይሱዙ ቁልቁለቱን በአቧራ ሲሞላው ነው። ጋቢያቸውን በራሳቸው ላይ ጥዬ አቅፌያቸው ቆምኩ። አቧራው እስኪያርፍ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ የእኔ ትንፋሽ ምን እንደሚጠቅም እንጃ።

ከተማው ሊታየን ሲል ኬላ ላይ አስቆሙን። ከዛሬ ጀምሮ ሞተር አይገባም፣ አይወጣም። «እስከ መቼ?» አልኩ። «እኛም አልተነገረንም» አሉ። እንድናድርበት ከኬላው አጠገብ ያለውን ግቢ አሳዩን።

ግቢው ድሮ ፈረንጆች በጎማ ላይ የተሠራ ቤታቸውን በመኪና እየጎተቱ መጥተው የሚያድሩበት ነበር። ካራቫን ይሉታል። አምስት ቆመዋል። ባለቤቶቹ መንገዱ ሲከፋ ትተዋቸው ሄደው በዚያው ቀሩ። ጎማው ሁሉ ተንፍሷል። በመካከላቸው ጎመንና ድንች ተተክሏል። ጠባቂዋ ወይዘሮ ጥሩነሽ ናቸው፤ ስድሳ ያለፋቸው፣ የአምስቱንም ቁልፍ መቀነታቸው ላይ ያሰሩ። ከዳር ያለችውን ከፈቱልን። «ይቺኛዋ አታፈስም። አልጋዋ ግን ለፈረንጅ ቁመት የተሠራች ናት አባቴ፣ ይጠፉባታል» አሉ።

አባዬ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ «ዮናስም ሦስት ቀን የቆየው እንዲህ ባለ ጠባብ ቤት ነው» አሉ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ሣቁ። እኔ አልሣቅሁም። ሽፋኑን ሳነሣ ዓይናቸው ቀይ ነበር። ነጩ ሁሉ ቀይ።

«አሸዋ የገባበት ይመስለኛል» አሉ።

ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ልሮጥ ወጣሁ። የኬላው ጠባቂዎች በር ላይ መለሱኝ። ከዐሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ መንቀሳቀስ የለም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ተኩስ አለ። ጎህ ሲቀድ ከተራራው ጀርባ ጀመረ። መጀመሪያ ሩቅ፣ ከዚያ ቅርብ፣ ከዚያ ሩቅ። ወይዘሮ ጥሩነሽ የግቢውን በር በሰንሰለት ዘግተው፣ «ዛሬ ማንም አይወጣም» አሉ። የካራቫኑ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ ጥፍር ቢነካው ያስተጋባል። ወለሉ ላይ ተቀምጠን ዋልን።

የምፈራው፦

ጥይቱን።

ሞተሩን እንዳይወስዱብኝ።

እናቴ በዚህ ሰዓት ምን ላይ እንዳለች።

ዓይኑን። ከሁሉም ዓይኑን።

ዐውቃለሁ፣ ክፋቱ እሱ ነው። ዓይኑ እንዲህ የሆነ በሬ አይቻለሁ። ጥቁሩ ላይ እንደ ወተት ጠብታ ያለ ነጥብ ይወጣል፣ ከዚያ ይሰፋል። ባለቤቱ ዘግይቶ ነበር ያመጣው። «ምን ላድርግ?» ሲለኝ «በአንዱ ያርሳል» አልኩት። እንደ ዋዛ። አባዬ ሌላ አንድ የላቸውም።

ጠዋት ጣቶቼን ፊታቸው ዘርግቼ ስንት ነው አልኳቸው። «ጭጋግ ነው» አሉ። ደሴ ሞራው በተገፈፈ ማግስት የግድግዳዬን ሰዓት አንብበው ነበር።

ወይዘሮ ጥሩነሽ በጆግ የአሸተን ማርያምን ጠበል ይዘው መጡ። ዓይናቸውን ላጥባቸው አሉ። ሐኪሙ ውኃ እንዳይነካው ብሏል ለማለት አፈርኩ። አባዬ ራሳቸው ተቀበሉና፣ «እጠጣዋለሁ እመት ጥሩነሽ። ዓይኔን ግን ለሐኪም አደራ ሰጥቻለሁ፤ የሰጡትን አደራ አይነኩም» አሉ። ጾሙ እስኪፈታ ጠብቀው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠጡት።

ነጯ ጠርሙስ ስታልቅ ነው አፌ የተፈታው። «አባዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ቀይዋ ከሰኞ ጀምሮ የለችም። መንገድ ላይ ጣልኳት።»

«ዐውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት?»

«ቀይዋ ጉሮሮ ድረስ ትመራለች። ከሰኞ ወዲህ አልመረረኝም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ብነግርሽ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። እኔ ደግሞ ያለሁት ከኋላሽ ነው።»

ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ራሴን እየዳበሱ፣ «በይ በቃ፣ ስንዱ። አልቅሰሽ ዓይንሽን እንዳታጠፊ፤ በቤታችን የቀረው ደኅና ዓይን ያንቺ ነው» አሉኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ጸጥ ብሏል። ጸጥታውም ያስፈራል። አንድ ሰዓት ሲሆን ወይዘሮ ጥሩነሽ ሰንሰለቱን ፈቱልኝ። ወደ ሐኪም ቤት በእግሬ ሮጥኩ። መንገዱ ላይ ከሁለት ካህናትና ከአንዲት አህያ በቀር የለም።

የዓይን ነርሷ ሲስተር ብርሃኔ ትባላለች። ወጣት ናት፣ ቀጭን፣ ፈጣን። የሆነውን ስነግራት ጽሑፏን አቁማ አየችኝ። «ነጯን ብቻ ነው ስታደርጊላቸው የነበረው?» አለች። «አዎ» አልኩ። «ነጯ ብቻዋን ቁስሉን ታባብሳለች። ቀይዋ ናት ተሕዋስያኑን የምትገድለው።» ሁለት እጥፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

አባዬን ላመጣቸው ስል፣ «በዚህ አቧራ? እኔ እመጣለሁ» አለች። ጋውኗን ሳታወልቅ፣ መብራቷንና መድኃኒቷን ይዛ እስከ ግቢው በእግሯ መጣች። ካራቫኗ ውስጥ ጎንበስ ብላ ገባች። መብራቱን ስታበራ የእሷን ፊት ነበር የማየው። ምንም አይነበብበትም። ያ ይበልጥ አስፈራኝ።

«ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ወጥቷል። ትንሽ ናት፣ ከዳር ናት» አለች። «በየሰዓቱ ጠብታ። ሌሊትም። ነገ መጥቼ አያለሁ። ነጥቧ ከሰፋች ደሴ ትመለሳላችሁ።»

«በምን?» አልኳት።

«እሱን እኔም አላውቅም» አለች። እውነቷን ስለነገረችኝ ወደድኳት።

በየሰዓቱ አደርጋለሁ። ወይዘሮ ጥሩነሽ የማንቂያ ሰዓታቸውን አውሰውኛል፣ እንደ ዶሮ ይጮኻል። አባዬ በእያንዳንዷ ጠብታ ፊታቸውን አጨማደው፣ «መረረ፤ ተመስገን» ይላሉ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

እንቅልፍ አልነካኝም። ጠዋት ነጥቧ እንዳለች ናት። አራት ሰዓት ላይ ያነሰች መሰለኝ። አምስት ሰዓት ላይ የሰፋች መሰለኝ። ከዚያ ማየት ተውኩ።

ሞተሩን ደጋግሜ አየሁት። አለ። ወይዘሮ ጥሩነሽ የጎመን ቅጠልና አሮጌ ሸራ ደራርበውበታል። «ማን ይጠይቀኛል፣ አትክልት ነው» አሉ።

ሲስተር ብርሃኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። ጎነበሰች። መብራቷ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ቀንሷል» አለች።

«ምን?»

«ነጥቧ። ግማሽ ሆናለች። ከሰዓት በሰዓት ሳታቋርጪ አይደል?»

የማንቂያ ሰዓቱን አንሥቼ አሳየኋት። እጄን ይዛ ፊታቸው ላይ ዘረጋችው። «አባቴ፣ ስንት ጣት ነው?»

አባዬ ብዙ ቆዩ። በጣም ብዙ። «ሦስት» አሉ። ቀጥለው፣ «የመካከለኛዋ ጥፍር ጥቁር ነው። የሞተር ዘይት ነው? ሴት ልጅ እንዲህ ታድርግ?» አሉ።

ወጥቼ ድንቹ መካከል ቁጢጥ ብዬ አለቀስኩ። የዚህ ሳምንት ለቅሶዬ ሦስተኛ። ይህችኛዋ ደህናዋ ናት።

ሲስተር ብርሃኔ ታካሚ መሆናቸውን የሚገልጽ ወረቀት ጽፋ ማኅተም አደረገችበት። ኬላው ላይም አብራኝ ቆማ አስረዳች። ነገ ጠዋት ብቻ እንድናልፍ ፈቀዱ። «መሄድ የለባቸውም፣ ግን መቅረትም አይፈልጉም፤ በቀስታ ንጂ» አለችኝ። ሁለት ጠርሙስ ቀይ ክዳን። አንዱ ደረቴ ውስጥ፣ አንዱ የአባዬ ኪስ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8። ቤት

መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። አንድም። ሰው ያለበትን መንገድ ስፈራ ከርሜ ዛሬ ሰው የሌለበትን ፈራሁ። የወይዘሮ ጥሩነሽን የአቧራ መነጽር አባዬ አድርገዋል፤ አንድ ፈረንጅ የተወው ነው፣ እንደ ዝንብ ዓይን ትልልቅ። ከይምርሐነ ክርስቶስ በታች ወደ መንደራችን ስንታጠፍ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። ሞተሩ ምንም አልሆነም፤ ፍሪሲዮኑን ያለ ጊዜው የምለቀው እኔ ነኝ። እናቴ በሕይወት ከሌለችስ? ወሬ በሁለቱም በኩል ይዋሻል። ይህን ለአባዬ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም ከድንጋዩ ድልድይ ጀምሮ ዳዊታቸውን አቁመው ነበር።

እናቴ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ በር ላይ ወጣች። ጥቁር ለብሳለች። ፀጉሯን ተላጭታለች። ከሳምንት በላይ ባሏንም ልጇንም ስታለቅስ ከርማለች፤ ሁለታችንም አቧራ ለብሰን ግቢዋ መሐል ቆመናል። አልጮኸችም። የበሩን መቃን ይዛ ቀረች።

አባዬ መነጽሩን አውልቀው አዩዋት። ዓይናቸው በሞራ ከተጋረደ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ፊቷን አላዩም። ቆመው ያዩዋታል፣ ያዩዋታል። ተረዳሁ፤ አላወቋትም። ለመጨረሻ ጊዜ ሲያዩዋት ፀጉሯ ጥቁር፣ ጉንጯ ሙሉ ነበር። ይህቺ ራሷን የተላጨች፣ የከሳች አሮጊት ናት።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እስቲ አንድ ነገር ተናገሪ» አሉ።

«ምን ልበል?» አለች።

«በቃ። ራሷ ናት» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ለለቅሶ የመጡት ቆሎውን ለደስታ በሉት። እናቴ ከአባዬ አጠገብ አልተነሣችም፤ የጋቢያቸውን ጫፍ በጣቷ ይዛለች።

ጠብታው ሲደርስ ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደችው። «ንገሪኝ፣ ስንት ነው?» አለች። «አንድ ጠብታ እናቴ፣ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርገሽ» አልኳት። አደረገችው። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

ነጥቧ ገና አልጠፋችም። ከዳር፣ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ትታየኛለች። ዛሬ ዘጠኝ ጊዜ አየኋት፤ አልሰፋችም።